በሙሽራዋ ፊልም ላይ የቆሙት ወፎች

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቼ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ሚካኤል፣ ጋሽ ጁነዲን፣ እስከ መጨረሻው ያስታመሙት ጎረቤቱ እትዬ ብርሃኔ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ የሰፈራችን ሰዎች ሁሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጥቂት ነን። ጥቂት ስንሆን ደግሞ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። አንገቴን ደፍቼ ብናገር አትታዘቡኝ።

ደምመላሽ እባላለሁ። አብነት ጋ ባለችው ፎቶ ቤት ከአስናቀው ጋር አሥራ ስድስት ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሰማችሁ። ተወለደ፣ ተማረ፣ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ትዳር አልያዘም፣ ታሞ አረፈ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ወፎቹስ? ወፎቹ የት ሄዱ? የአስናቀው ሕይወት እኮ ወፎቹ ነበሩ!

"ለቅሶ አይደርስም" ትሉታላችሁ። እውነታችሁን ነው። እሑድ በተቀበረ ሰው ቀብር ላይ አስናቀውን ያየ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መርካቶ በሰው ስትጨናነቅ፣ እሱ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። ዝዋይ ያድራል። ሲነጋ አቢያታ ሐይቅ ዳር ነው። ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመጣል። ዛሬ ጥቂት የሆንነው ለዚህ ይመስለኛል። አልወቅሳችሁም። እኔ ራሴ አብሬው የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ያን ቀን ብታዩት! ጭቃው ላይ በሆዱ ተኛ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ፍላሚንጎ የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች ሐይቁን ሞልተውታል፤ ሁሉም ምንቃራቸውን ውሃ ውስጥ ደፍተው ይለቅማሉ። ላያቸው ፈዛዛ ሮዝ ነው። ክንፋቸውን ሲዘረጉ ግን ከሥሩ ደማቅ ቀይ ይወጣል። እሱ ያን ቀይ ነው የሚጠብቀው። እኔ ጸሐይ አናቴን በላችኝ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠጣ። "በቃ ድንጋይ ወርውርና አስነሳቸው፤ አውቶቡሱ ያመልጠናል!" አልኩት። እንደዚያን ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም።

"ቤታቸው ነው እኮ ደምመላሽ! እንግዳው እኔ ነኝ። ሰው ቤት ገብተህ ድንጋይ ትወረውራለህ?"

አውቶቡሱ አመለጠን። ቀዩን ግን አገኘው። በትልቁ አሳጥቦ የፎቶ ቤታችን መስኮት ላይ፣ ከሙሽሮቹ መሃል ሰቀለው። ታስታውሳላችሁ? "አስናቀው፣ እቺን ደግሞ ማን አገባት?" እያላችሁ ስንት ቀን ሳቃችሁ! እሱም አብሯችሁ ሳቀ።

ጋሽ ጁነዲን፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው እርስዎንም ይመለከታል። ይታገሱኝ።

ፊልም በነበረበት ጊዜ በእኛ ቤት አንድ ሕግ ነበር። የተነሳበት ፊልም ጫፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቆርቆሮው ውስጥ ይጠቀለላል። ጫፉ ወጥቶ የሚታየው አዲሱ ነው። የምንለየው በዚህ ብቻ ነው። በ1989 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት አስናቀው ከአቢያታ ይዞት የመጣውን ካሜራ ሰጠኝና "ፊልሙን አውጣልኝ" አለኝ። ለጉርድ ፎቶ የሚቸኩል ደንበኛ አጠገቤ ቆሞብኝ ነበር። ጠቅልዬ ሳልጨርስ አወጣሁት። ጫፉ ውጭ ቀረ። ከአዲሶቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። አስናቀው የወፎቹን ፊልም አምስት ስድስት ሲሞላለት ነበር የሚያሳጥበው፤ የት አደረግኸው ብሎም አልጠየቀኝ።

በዚያው ሳምንት የጋሽ ጁነዲን ልጅ የጠይባ ሰርግ ሆነ። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አስናቀው አዲስ መስሎት ያነሳት በዚያ ፊልም ነው፤ አንዱ ምስል በሌላው ላይ ተደረበ። ታጥቦ ሲመጣ ፍላሚንጎዎቹ በቬሎዋ ላይ ቆመዋል። አንዷማ በጋሽ ጁነዲን ግንባር ላይ በአንድ እግሯ ቆማለች። ጋሽ ጁነዲን ሱቃችን መጡ። "ወላሂ አስናቀው፣ ልጄን ነው ያነሳኸው ወይስ ዶሮ?" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ያ ቀን እንደገና አይመጣማ!

አስናቀው ፎቶውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ገብቶታል። "ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ፊልም ቀላቀልኩ" አለ። እኔ አጠገባቸው መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ለሰርግ የሚጠራው ጠፋ። የጠራችሁት እኔን ነው። ልጆቻችሁን ስትድሩ እኔ አነሳሁ፤ ልጆቼን በዚያ አሳደግኩ። እሱ ጉርድ ፎቶ እያነሳ ተቀመጠ። መስኮቱ ላይ የነበረችውንም ወፍ አወረዳት። "ሰርግ ቢያጣ ወፍ ያባርራል" ስትሉ እሰማ ነበር። ያኔም ዝም አልኩ።

አንድ ቀን "ያ ፊልም እኮ አስናቀው…" ብዬ ጀመርኩ። "የትኛው?" አለኝ። ያውቅ ነበር። እንዳላፍር ብሎ ነው። እኔም "ተወው" አልኩና እፎይ አልኩ። ያቺን እፎይታ እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ትናንት ከአልጋው ሥር ፎቶ የሞሉ ካርቶኖች አወጣን። ሐምራዊና ሰማያዊ ወፎች፣ ደንገል ላይ ያረፉ፣ ዓሣ የነከሱ፣ ጫጩት ያቀፉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያለበት አንድ ፎቶ ብቻ አገኘሁ። እኔ ነኝ። ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ሰዓቴን አያለሁ።

ጋሽ ጁነዲን፣ የልጅዎን ፎቶ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አስናቀው አይደለም። ለጠይባም ይንገሩልኝ። እናንተም አንድን ሰው ለአሥራ አንድ ዓመት የሸሻችሁት በእኔ ጥፋት እንደሆነ እወቁ።

አስናቀው፣ ይህን ለመናገር አንተ እስክትሞት ጠበቅኩ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ፈሪ ነው እለው ነበር። ነገ ሱቁን ብቻዬን እከፍታለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ የሚለኝ ግን አሁን እዚህ አፈር ውስጥ ገብቷል። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።