የያምሮት ትንፋሽ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረ ሰው የጎረቤቱን ወሬ ልስማ፣ አልስማ ብሎ መምረጥ አይችልም። ጉልበት ከጉልበት ገጥሞ፣ ዶሮው ከወንበር ሥር ሆኖ ሲኬድ የአንዱ ጉዳይ የሁሉም ይሆናል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ በሰው ቤት ጉዳይ ጥልቅ ማለት አልወድም። ያን ዕለት የገባሁት በመነጽሬ ምክንያት ነው።

ከጎኔ አቶ ገነነ የሚባሉ የቡሬ ዙሪያ ገበሬ የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ያምሮትን አቅፈው ተቀምጠዋል። ልጅቱ መኪናው ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ መነጽሬን ከዓይኔ ላይ መነተፈችኝ። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው እጄን ለቀም አደረጉት።

«ይተዉላት፣ በሞቴ! ካለቀሰች ትሞትብኛለች።»

«እንዴት ሆና ነው የምትሞት?»

«ትንፋሽዋ ይቆማላ! ስታለቅስ ስታለቅስ ድምፅዋ ይጠፋል፣ ትጠቁራለች፣ ከዚያ ዝልፍልፍ ነው። ቤታችን አይሆንም የሚላት ሰው የለም። እናቷ ጡት ማስጣል እንኳ ፈርታለች። እንጥሏ ወርዶ ነው። ማንኩሳ እጁ የቀና ቆራጭ አለ አሉኝ፤ ዛሬ ላስቆርጥላት ነው።»

መነጽሬን ተውኩላት። ዓለም ሁሉ ጭጋግ መሰለኝ።

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት አንገቷን በመካከላችን አስገባች። አቻምየለሽ ትባላለች፤ የጤና መኮንንነት ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ናት፤ ለተግባር ልምምድ ወደ ፍኖተ ሰላም መመለሷ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባባ፣ ትንፋሽዋን የሚያቆመው እንጥሏ አይደለም። አተነፋፈስን የሚቆጣጠረው በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚገኘው የነርቭ ማዕከል ሲሆን፣ ይኸውም በደም ውስጥ ያለውን...»

ተማሪ እንዲህ ነው፤ መጽሐፍ ዘርግታ እንደምታነብ ሁሉ ታስረዳቸው ጀመር። እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ማዛጋት አማረኝ።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ አቶ ገነነ። «የተማርሽው ለአንቺ ይሁንልሽ። ትንፋሽ የሚገባው በጉሮሮ፣ የሚወጣው በጉሮሮ። በር ሲዘጋ ቤት እንደሚታፈን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። የእኔም እንጥል በልጅነቴ ተቆርጧል፤ ይኸው ሸምግያለሁ።»

አቻምየለሽ ትንሽ አሰበችና የመጽሐፉን ቋንቋ ተወችው።

«ሌሊት ተኝተው ሳሉ ማን ነው የሚያስተነፍስዎ?»

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«እሱስ ልክ ነው። በምኑ አድርጎ ነው ብዬ ነው እንጂ። እስቲ አሁን ትንፋሽዎን ይያዙልኝ፤ ልቀቁ እስክል ድረስ።»

ሽማግሌው እልኸኛ ናቸው። ጉንጫቸውን ነፍተው ያዙ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ በመጨረሻ «እፎይ!» ብለው ለቀቁት። ተሳፋሪው ሳቀ።

«ልቀቁ አላልኩም እኮ፣ አባባ!»

«አፈነኛ! ማን ይችለዋል?»

«ታዲያ ያስለቀቀዎ ማን ነው? እንጥልዎ እንደሆነ የለም!»

እሷም ፋታ አልሰጠቻቸውም።

«በማጅራትዎ በኩል፣ አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የማይተኛ ዘበኛ አለ። ትንፋሽ ስንይዝ የተቃጠለው አየር በደማችን ውስጥ ይጠራቀማል። ዘበኛው ይኼን ያውቃል። ሲበዛበት በነርቭ በኩል ለደረትና ከሳንባ ሥር ላለው ጡንቻ ትእዛዝ ይልካል፤ ‹ሳብ!› ይላል። ያን ጊዜ እርስዎ እምቢ ቢሉም እሱ አይሰማዎትም። ያምሮት ስትናደድ ትንፋሽዋ ይያዛል፤ ራሷን ትስታለች፤ ዘበኛው ግን ያስተነፍሳታል።»

«ማጅራት አልሽ?» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሬ ጥለን ማጅራቱን በቢላ ጫፍ የወጋነው እንደሆነ፣ ጉሮሮው ሳይነካ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።»

«እሱ ነው፣ አባባ! እሱ ነው!»

ነገሩ አለቀ ብዬ መነጽሬን ላስመልስ አሰብኩ። አላለቀም ነበር።

«ቢሆንም ማንኩሳ እወርዳለሁ» አሉ። «መልካሙ የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ የዚች አባት ታናሽ ነበር። ጉሮሮው ተዘግቶ ሲያጣጥር እንጥል ቆራጩ ለቅሶ ሄዷል አሉኝ። ነገ እወስደዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ለነገ አልደረሰም። እኔ ነኝ በስንፍናዬ የገደልኩት። ይችኛዋን አላዘገያትም።»

 

ወዲያው ሾፌሩ መንገድ ያቋረጡ ከብቶች ገጥመውት ፍሬን ያዘ። መነጽሬ ከልጅቱ እጅ አምልጦ ከወንበር ሥር ገባ። ያምሮት መሬት መሬቱን አየች፤ አፏን ከፈተች፤ አንዴ ጮኸች፤ ሁለተኛው ጩኸት ሳይወጣ ቀረ። ከንፈሯ ጠቆረ። ሰውነቷ ዝልፍልፍ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በጣም ፈራሁ።

«ወየው! ይኸው ሞተች!» ብለው አቶ ገነነ ሊንጧት አነሷት። አንዲት ሴት ክብሪት ለኩሰው ያሽትቷት አሉ፤ ሌላው ውሃ አቀበለ።

«አይናጧት! ክብሪቱንም ውሃውንም ተዉት!» አለች አቻምየለሽ። «ጉልበትዎ ላይ በጎኗ ያስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም አይግባ። ይጠብቁ።»

«ምን እጠብቃለሁ?»

«ዘበኛውን።»

ሽማግሌው በጎኗ አስተኟት። ሚኒባሱ ቆሟል፤ ዶሮው እንኳ ዝም ብሏል። ከዚያ የልጅቱ ደረት ብድግ አለ፤ አየሩን በረጅሙ ሳበችው። ከንፈሯ ቀላ፤ ዓይኗን ገለጠችና ልቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች። እንደዚያ ቀን የልጅ ልቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አንድም ሰው ምንም አላደረገላትም» አለች አቻምየለሽ፣ የራሷም ድምፅ ተለውጦ። «እንጥሏ እንዳለ ነው። ግን ተነፈሰች።»

አቶ ገነነ ልጅቱን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዙ። መኪናው መሄድ ጀመረ።

«እንግዲያ መልካሙስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ትኩሳት ነበረው?»

«እንደ እሳት።»

«ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር?»

«ልጋጉ ይዝረበረብ ነበር።»

«የእሱ ሌላ ነው፣ አባባ። ሳላየው ስሙን መናገር አልችልም፤ ግን ጉሮሮው በበሽታ አብጦ ነው የሚመስለኝ። ዘበኛው ተንፍስ ቢለውም መንገዱ ተዘግቶበታል። ለእንደዚያ ዓይነቱ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። እንጥሉን ቢቆርጡት ደም ይፈሰው ነበር፤ እብጠቱም ይብስበት ነበር።»

«ቆራጩ ቢኖርም አይድንም ነበር?»

«በመቁረጥ አይድንም ነበር።»

«እንግዲያ እኔ አልገደልኩትም?»

«አልገደሉትም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ማንኩሳ! ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ረዳቱ ተጣራ። ደግሞም ወደ አቶ ገነነ ዞሮ «አባት፣ ማንኩሳ ነው ያሉኝ አይደል?» አላቸው።

«ንዳው» አሉ ከጋቢያቸው ውስጥ። «ከዚች ሐኪም ልጅ ጋር ፍኖተ ሰላም ነው የምወርደው።»

ፍኖተ ሰላም ደርሰን መነጽሬን ከወንበር ሥር አንስቼ ሦስቱን ተከትዬ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ እንጃ። የልጅቱ ደም ሲመረመር የብረት ማዕድን አንሷት ተገኘ። ይህ እጥረት ትንፋሽ መያዙን እንደሚያብሰው አቻምየለሽ አስረዳች፤ ሽሮፕ ተሰጣቸው። አብዛኞቹ ልጆች ለትምህርት ሳይደርሱ እንደሚተዉት ነገረቻቸው። ሳታለቅስ ራሷን ከሳተች፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ትንፋሽዋ ቶሎ ካልተመለሰ ግን ወዲያውኑ እንዲያመጧት አስጠነቀቀቻቸው። አንባቢዬም ይኼን ልብ ይበል። ያምሮት ከምላጭ ቁስል፣ ከደም መፍሰስ፣ በምላጭ ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፍ በሽታ ተርፋለች። አባቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጃቸው ሲታፈን ያወቁትን ሁሉ አደረጉ። ዛሬ ከእነሱ የተሻለ እያወቅን ምላጩን የምናነሳ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቡሬ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ያምሮት አድጋለች፤ ልማዷን ግን አልተወችም፤ ገና ሰላም ሳንባባል እጇን ወደ መነጽሬ ዘረጋች። በደመ ነፍስ ላወልቅላት ስል አቶ ገነነ እጄን ያዙት።

«አይሆንም!» አሏት ልጅቱን።

ያምሮት ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ገበያው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸች። ጨው ሻጯ «ምነው አባት፣ ልጅቱን አያባብሏትም?» ብላ ተቆጣች። አቶ ገነነ በዱላቸው ተደግፈው እንደ ቆሙ ናቸው።

«ተያት፣ እቴ» አሉ። «ትጩኽ። ትተነፍሳለች።»