የኦቦ ባጫ ጥርጣሬና የእርጅና ስንቅ

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ወደምኖርበት ወደ ሱሉልታ ስመለስ፣ እንጦጦን ወርደን ጥቂት እንደሄድን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘነው። የሚኒባሱ ሾፌር ከዚህ አላልፍም ብሎ አወረደንና በእግራችን ቀጠልን። ያን ሰሞን የሚወራው ሁሉ ስለ ማስተር ፕላኑ ነበር። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊወሰድ ነው ተብሎ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ ሰው ጎረቤቱን እንኳ በጎሪጥ እያየ ያልፍ ነበር።

ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የላስቲክ ከረጢት ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይሄዳሉ። አንዲት ወጣት ሴት ደግሞ ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተላቸዋለች። ደርሼ ሰላም ስላቸው ቆም ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ አስተማሪ መሆኔን ነገርኳቸው። በአካባቢው ዘመድ እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ እንደሌለኝ ስነግራቸው ደስ ያላቸው መሰለኝ። ከከረጢቱ አንድ ወረቀት አውጥተው እንዳነብላቸው ለመኑኝ።

ስማቸው ኦቦ ባጫ ነው፤ አርሰውና አራት ላሞች አልበው የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ደላላ፣ መንግሥት መሬትዎን በትንሽ ካሳ ሳይወስድብዎ ለእኔ ይሽጡልኝ ብሏቸው፣ በዚያን ቀን የዋጋውን ሩብ ተቀብለው ሊፈርሙ ወደ ሱሉልታ ከተማ መሄዳቸው ነበር። የምትከተላቸው ሄመን የወንድማቸው ልጅ ናት። ሒሳብ አያያዝ ተምራ በወተት አቅራቢዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር ትሠራለች። ላንብብልዎ ብትላቸው እምቢ ያሉት ገንዘቤን ወደ ማኅበሯ ልትስብ ነው ብለው ነው።

ወረቀቱን አነበብኩት። ከታች አካባቢ «የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ይላል። ይህንኑ ስነግራቸው ወረቀቱን ነጥቀው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሄመንን አዩ።

«እናንተ ትተዋወቃላችሁ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ተቀየምኩ። ሄመን ግን ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ፣ «መጠርጠርዎ ጥሩ ነው፣ አባባ» አለቻቸው። «ግን እኛን የጠረጠሩትን ያህል ደላላውንም ይጠርጥሩት። እኛ በሌለንበት ለሌላ ሰው ያስነብቡት።»

እኔ በኩራቴ ልተወው የነበረውን ነገር ልጅቱ በትዕግሥት ያዘችው። የተማረ ሰው ሲጠረጠር መቆጣት ይቀናዋል፤ የተጠራጠረው ሰው ግን የሚፈልገው ማረጋገጫ እንጂ ቁጣ አይደለም።

ከተማው መግቢያ ላይ አደም የሚባል ባለሱቅ አለ። ኦቦ ባጫ እኛን ከመንገዱ ማዶ አቁመው ብቻቸውን ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ከሱቁ አጠገብ ያለ ግንብ ላይ ተቀመጡና በእጃቸው ጠሩን።

«እሱም ያንኑ አነበበልኝ» አሉ። «እሺ፣ አልፈርምም እንበል። ነገ መሬቱ ቢወሰድስ? ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው፤ ገበሬ ምን አለው?»

«የእርሻ መሬት መሸጥ ሕግ አይፈቅድም» አለች ሄመን። «ካሳ ቢመጣም የሚሰጠው የመሬት ደብተሩ በስሙ ላለው ሰው ነው። ጡረታውን ግን አሁኑኑ ራስዎ መጀመር ይችላሉ።»

«የምን ጡረታ? እኔን ጉታ ይጦረኛል።»

ጉታ፣ ገላን ከተማ የሚኖር የከባድ መኪና ሾፌር ልጃቸው ነው።

«ጉታ ይጦርዎታል፤ እግዜር ያቆይልዎ» አለች። «ግን ሦስት ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ይከራያል። እንደ ዛሬው መንገድ ተዘግቶ መኪናው አንድ ወር ቢቆም እሱም እጁ ያጥረዋል። ያለዎት አንድ ጧሪ ነው፤ ሁለት ሦስት ያድርጉት ነው የምልዎ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡራዩ ያለ አንድ ዕቁብ ሰብሳቢ የሦስት ዓመት ገንዘባቸውን ይዞ መጥፋቱን፣ ከዚያ ወዲህ ማንንም እንደማያምኑ ነገሩን። ሄመን ደረሰኝ እንደነበራቸው ጠየቀቻቸው።

«ለሃይማኖተኛ ሰው ደረሰኝ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል፣ አባባ። ደረሰኝ መጠየቅ ስድብ አይደለም። ማኅበራችንንም ዝም ብለው አይመኑት። ሒሳቡን ማን እንደሚመረምረው ይጠይቁ፣ ደብተርዎን በየወሩ ያስነብቡ፣ ሁሉንም እኛ ጋ አያስቀምጡ፤ ግማሹን ባንክ ያስገቡ።»

የሰውዬው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ሲል ያየሁት ይህን ጊዜ ነው። ገንዘብ ፈላጊ የመሰለቻቸው ልጅ ሁሉንም አይስጡኝ ስትል ሰሙ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ጠያቂ፣ እሷ መላሽ ሆኑ። የወተቱ ገንዘብ በየሳምንቱ እንደገባ፣ ገና ሳይመነዘር፣ ጥቂቱን እንዲያነሡ መከረቻቸው። መጀመሪያ የሦስት ወር ቀለብና የከብት መኖ የሚሸፍን የክፉ ቀን ገንዘብ፣ ቀጥሎ ለእርጅና የሚቀመጥና የማይነካ። ትርፉን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት የማይችል ሰው ካመጣው ንግድ እንዲርቁም ነገረቻቸው።

በመጨረሻ፣ «አደዬ አሰጋሽ ስለ ውሉ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

ኦቦ ባጫ አቀረቀሩ። ለሚስታቸው ለወይዘሮ አሰጋሽ አልነገሩም ነበር።

«በመሬት ደብተሩ ላይ የሳቸውም ፎቶ አለ» አለች ሄመን በዝግታ። «አርባ ዓመት አብረውዎት ሠርተዋል። እርስዎ ዛሬ አንድ ነገር ቢሆኑ ገንዘቡ የት እንዳለ፣ ምን እንደፈረሙ ማን ይነግራቸዋል? ከሁሉ የከፋው ስውር ገንዘብ ከገዛ ቤት የተሰወረው ነው።»

ኦቦ ባጫ ከግንቡ ተነሡ። ከዚያ ወረቀቱን ለሄመን ሰጧትና፣ «ነይ፣ ቤት ሄደን ለሷ አንብቢላት» አሏት።

ደላላው ሁለት ጊዜ ቤታቸው ድረስ መጥቶ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ የተቀበሉት ወይዘሮ አሰጋሽ ናቸው። ገንዘቡን በሙሉ ባንክ ገብቶ ካላየሁ ስለ ውል አታንሣብኝ ቢሉት ለሦስተኛ ጊዜ አልተመለሰም። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ተነገረ፤ መሬቱም በባልና ሚስቱ እጅ ቆየ፤ እነሱም ሄመን እንደመከረቻቸው ከወተቱ ገንዘብ በየሳምንቱ መቆጠብ ጀመሩ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ መጀመሪያ ሁከቱ አገርሽቶ መንገድ ሲዘጋ ወተት ወደ ከተማ መግባት አቆመ። ብዙ ጎረቤቶች መኖ መግዣ አጥተው የምትታለብ ላም በርካሽ ሸጡ። እነ ኦቦ ባጫ ግን ከክፉ ቀን ገንዘባቸው እያወጡ ፉርሽካ ገዙ፤ አንድም ላም ከበረታቸው አልወጣም። መንገዱ ሲከፈት ያወጡትን መልሰው መሙላት ጀመሩ፤ የእርጅናውን አልነኩትም። ጉታም ሥራ ፈትቶ በቆየበት ጊዜ የልጆቹን ቀለብ የላኩለት እነሱ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኦቦ ባጫ ትምህርት ቤታችን በር ላይ አገኙኝ። ስለ ላሞቹ ካወሩልኝ በኋላ፣ «እርስዎስ መምህር፣ ለእርጅናዎ ምን አስቀመጡ?» አሉኝ።

ጡረታ እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«የቤት ኪራይዎን ይችላል?»

 ለሌላው ወረቀት ሳነብ የራሴን ሒሳብ አንድ ቀን አንብቤ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው በጥርጣሬ ዓይናቸው ጥቂት አዩኝና፣ «ሰኞ ወደ ሄመን እሄዳለሁ፤ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። «ደረሰኝ መቀበልዎን አይርሱ።»