ሥጋ አምሯቸው ያለቀሱ ሰዎች

ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። አዘጋጇ ቦርሳዋን እየጎተተች ወደ ቢሮዋ ደረጃውን ስትወጣ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ሲያለከልኩ አገኘች። ሰባኪው ናቸው። ዛሬ ልታገኘው የማትፈልገው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮው የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ፕሮግራም ይሠራል። አንባቢ አንድ ጥቅስ ሲነካ ከሱ ጋር የሚዛመዱት ይዘረዘሩለታል፤ ማጣቀሻ የሚባለው ይህ ነው። ነባሩን ዝርዝር ዕድሜ ልካቸውን የለቀሙት ሰባኪው ሲሆኑ፣ አንድ ቃል በተገኘበት ሁሉ አያይዘውታል። አዘጋጇ ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ አጥርታ ለየጥቅሱ ጥቂት ብቻ አስቀረች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ «ሽማግሌው እሺ ካላሉ ያንቺ ሥራ አይወጣም» ብሏታል። ዛሬ መልሳቸውን ሊሰጡ መምጣታቸው ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ደኅና። ምናለ ደረጃውንም እንደኔ ማጣቀሻ ብትቀንሺው!»

ደክሟት ስለነበር አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ሥራዬን ጨፈጨፍሽው አሉ።»

«አጠራሁት እንጂ።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም! የእግዚአብሔር ቃል በዛ ተብሎ ይቆረጣል? ሰው ባገኘ ቁጥር ይጠግባል።»

«ጎተራ ሙሉ እህል ደጁ ላይ ቢገለብጡበት በሩን መክፈት ያቅተዋል እንጂ አይጠግብም።»

«አፍማ አለሽ።»

ይህን ክርክር በልቧ ስንቴ አሸንፋዋለች! ዛሬ ግን ለማሸነፍም አቅም አጣች። ደግሞም የሽማግሌው ፊት ላይ ያለው ድካም የደረጃ ድካም አልመሰላትም።

«ምን ሆነዋል ጋሼ?»

«የእህቴ ልጅ አረፈ። ነገ ስንቀብረው ቃል እንድናገር ለምናኛለች። ስንቱን ያጽናናሁ ሰውዬ ለገዛ እህቴ አፌ ተሳሰረ።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ።» ቀጥላም፣ «ከየትኛው ጥቅስ ሊነሡ አሰቡ?» አለች።

«ጌታ በወዳጁ መቃብር ካለቀሰበት።»

«እስቲ በራስዎ ዝርዝር ይክፈቱት።»

መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ከፈቱ። ዝርዝሩ በአውራ ጣት ቢገፉት ቢገፉት አያልቅም። አንዱን ነኩ፤ በምድረ በዳ ሥጋ አምሯቸው ያለቀሱ ሰዎች ወጡ። ሌላ ነኩ፤ ሸቀጣቸውን የሚገዛ ያጡ ነጋዴዎች ለቅሶ ሆነ።

«ታዲያ ነገ ምን ልበላት? ሥጋ ካማራቸው ጋር አብረሽ አልቅሺ?» ሊስቁ ጀምረው ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ።

አዘጋጇ አልሳቀችም። የራሷን ስልክ አቀበለቻቸው። ሦስት ጥቅስ ብቻ ነበር፤ ከሚያለቅሱ ጋር ስለማልቀስ፣ በድካማችን ስለሚራራልን ጌታ፣ እንባ ሁሉ ስለሚታበስበት ቀን። ከየጥቅሱ ሥር ለምን እንደተያያዙ በአንድ መስመር ተጽፏል። የመጨረሻው፣ «እዚህ ያለቀሰው እዚያ እንባ ያብሳል» ይላል።

ሽማግሌው አነበቡ። ደገሙት።

«ይቺን መስመር ማን ጻፋት?»

«እኔ ነኝ። ስንቱን ጽፌ ሰርዤ!»

«የኔ ልቅምቃሚስ ተጣለ?»

«ኧረ ጋሼ! ከታች ‹ሌሎች› የምትል ቁልፍ አለች፤ ሊመራመር የፈለገ ይከፍታታል። ያዘነ ሰው እንዳይቆፍር ብዬ ነው።»

ቁልፏን ነክተው የራሳቸውን ዝርዝር አዩ። «ጌታ በከተማዪቱ ላይ ያለቀሰበትን ወደ ላይ አውጪው።»

«ለምን?»

«ሰው ለሞተው ብቻ አያለቅስም፤ አልሰማ ላለውም ያለቅሳል። ልጁ ምክር አይሰማም ነበር። እህቴ ይገባታል።»

አዘጋጇ ይህ አልታያትም ነበር። እዚያው ደረጃ ላይ ጥቅሱን አስገባች፤ መስመሩንም እሳቸው እንዳሉት ጻፈችው።

ማጣቀሻ ዘመድ ማስተዋወቅ ነው። አስተዋዋቂው ሞክሼ ሁሉ ጠርቶ ቤቱን ቢሞላ እንግዳው ዘመዱን ሳያገኝ ይወጣል። ጥቂቶች ሲሆኑና ዝምድናቸው ሲነገር ግን ያዘነ ቶሎ ይጽናናል፣ ተማሪ አይደናገርም፣ ተመራማሪም የሚያጣው የለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ጥቅስም ከልብ ከተመረጠ ጥቂቱ ይበቃል።

«ውጪና ሥራ አስኪያጁን ‹ሽማግሌው እሺ ብለዋል› በይው» አሉ ሽማግሌው። «ጉልበቴ ከዚህ አያልፍም።»

አመስግና ቀሪውን ደረጃ ተያያዘችው። በሩን ከመግፋቷ በፊት ከታች ድምፃቸውን ሰማች፤ ስልክ ደውለዋል።

«እህት ዓለም፣ ነገ ረጅም አልናገርም።» የእህታቸውን መልስ አዳመጡ። «አዎ። አብሬሽ አለቅሳለሁ።»