ቀስ ብሎ የሚያድገውን ሲጠብቁ

ከሥራችሁና ከቤታችሁ ተነሥታችሁ ለዚህ ሐዘን የመጣችሁ ወገኖች፣ በፊታችን ያረፉት እናት እንዴት እንደኖሩ፣ በምን እንደተጨነቁና ሳይጨርሱት የሄዱት ነገር ምን እንደሆነ ከቤተሰባቸውና ከባልደረቦቻቸው ተሰብስቦ የተጻፈውን በትዕግሥት እንድታደምጡ እንለምናለን።

ከባለልኳንዳ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። አባታቸው የከብት አንጀት ሲያጥቡ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው ይህኛው ለምን ወፈረ፣ ያኛው ለምን ሳሳ እያሉ ስለሚጠይቁ፣ አባት «ይቺ ልጅ ወይ ሐኪም ትሆናለች ወይ ደንበኛ ታባርርብኛለች» ይሉ እንደነበር ታላቅ ወንድማቸው ዛሬም ያስታውሳሉ።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ፈጽመው፣ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው፣ በከብት በሽታ መመርመሪያ ቤት ተቀጥረው ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ ክፍል ሠሩ። ውጤት ለሚያጣድፍ ሁሉ መልሳቸው አንድ ስለነበር ባልደረቦቻቸው «አትቸኩሉ» የሚል ስም አወጡላቸው። ከአንድ የወተት ላም እርባታ ናሙና እያመላለሱ የተዋወቋቸው የወተት ቦቴ ሾፌር የትዳር አጋራቸው ሆኑ፤ ባለቤታቸውም «ናሙና ላደርስ ሄጄ ራሴ ናሙና ሆኜ ቀረሁ» እያሉ ሲያስቁ ኖረዋል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ሴት ልጃቸው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ በዚያው እርባታ ላሞች ጥርግ አድርገው እየበሉ መመንመን ጀመሩ፤ ቅዘናቸው አልቆም አለ፣ ቆዳቸው አጥንት ላይ ተጣበቀ። እናት የላሞቹን የወፈረ አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ቀያይ ዘንጎች ተከምረው አገኙ፤ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ፣ በብልቃጥ ውስጥ ለማደግ ወራት የሚፈጅ ማይኮባክቴሪያ ነበር። የታመሙት ላሞች ተወገዱ። ባለቤታቸው በየሳምንቱ ለልጆቹ ወተት የሚያመጡት ከዚያ እርባታ ነበርና እናት ሰውንስ አይነካም ወይ ብለው አለቃቸውን ጠየቁ። አለቃውም «የእኛ ሥራ ላም ነው» ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ከስድስት ዓመት በኋላ ልጅቱ ሆዷን ታመመች። ቁርጠቱና ተቅማጡ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏት ከሰውነት ተራ ስትወጣ፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ነው፣ መነሻው በውል አይታወቅም አሉ። በቀዶ ሕክምና የወጣውን ቁራጭ እናት ለማየት ለመኑ። የአንጀቷ ግድግዳ ወፍሮ፣ ተጨማዶ፣ በላሞቹ ያዩትን ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የሚባል አላወቁም። ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሆነው፣ ያው ሕመም ካለባቸው ሰዎች በፈቃዳቸው አሥራ አንድ ዓመት የአንጀት ናሙና ሰበሰቡ። በአንዳንዱ ተሕዋሱ ተገኘ፣ በብዙው አልተገኘም፤ በጤነኞችም ላይ አልፎ አልፎ ታየ። የሙያ ጓደኞቻቸው ቁርጡን ንገሩን ሲሏቸው «ነው ለማለት አልደረስኩም፣ አይደለም ለማለትም አልደፍርም» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። ራሳቸውን ሲወቅሱ ያየችው ልጃቸው «እማዬ፣ ወተቱ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ደግሞ አንቺ ምን ታውቂ ነበር?» ብትላቸውም ልባቸው አላረፈም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን የመሰለ የገዛ ሕመማቸውን ደብቀው፣ ቀሚሳቸውን በመርፌ ቁልፍ እያጠበቡ ሥራ ሲገቡ ቆዩ። ምን እንደያዛቸው ከማንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው። ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገቡ፣ ከአንጀታቸው የሚወጣው ቁራጭ እንደሌሎቹ ሁሉ ወደ ብልቃጥ እንዲገባ በእጃቸው ጽፈው ፈረሙ። ቁስሉ አመርቅዞ በዘጠነኛው ቀን፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ብልቃጡ አሁን በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ነው። ምን እንደሚበቅልበት፣ ወይም ምንም እንደማይበቅልበት፣ ከአራት ወር በፊት የሚያውቅ ሰው የለም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በዚህ ወረቀት መጨረሻ እንዲነበብ ያዘዙት ቃልም አለ፤ ከቤተሰቡ ሆዱን እያመመው ዝም የሚል ቢኖር እንደ እሳቸው እንዳይደብቅ፣ ነገ ሳይል ሐኪም ዘንድ እንዲታይ። ወንድ ልጃቸው ከትናንት በስቲያ፣ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ እኔንም ሆዴን ካመመኝ ወር ሆኖኛል ብሎ ለአባቱ ነግሯል፤ ሰኞም ይመረመራል።

አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ሥቃይ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀሩት ሁሉ መጽናናትን፣ ለልጃቸውም ምሕረቱን ያውርድ። አሜን።