በግራ የሚዘጋው ቫልቭ

የወሊድ ሆስፒታሉ ውሃ ለአራት ሰዓታት የተቋረጠው በቧንቧ ብልሽት ሳይሆን በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጥፋት ነው። ወጣቷ ሥራ አስኪያጅ አዲስ የመስመር ካርታ አሠርታ፣ ቴክኒሻኖች ቀጥራ፣ አሥራ አንዱን ነባር ቫልቭ ከፋቾች በአንድ ማስታወቂያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረቻቸው። አንዳቸውንም ጠርታ አላነጋገረችም።

እየሮጠች ሆስፒታሉ ስትደርስ፣ ከነባሮቹ አንዱን፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ መፍቻ የሚላቸውን ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ ጄሪካን ተሸክመው አገኘቻቸው።

«እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ እመቤት። ቴክኒሻኖችዎ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን ቫልቭ ነክተውታል መሰለኝ።»

«ግፊቱ እንዲጨምር ወደ ግራ አዙረው እስከ መጨረሻው ከፍተውታል!»

«ዘግተውታል። ሌላው ሁሉ በግራ ይከፈታል፤ እሱ ብቻ የተገላቢጦሽ ነው።»

ክው አለች። «ይህን እያወቁ ዝም አሉ?»

«ጠዋት የዚያን ቫልቭ መፍቻ ከግምጃ ቤት አውጥቼ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። የጠየቀኝ የለም። ለማን ልንገር? ለማስታወቂያ ሰሌዳው?»

አዋላጇ በሩን በርግዳ «ኧረ በእናታችሁ ውሃ!» ብላ ጮኸች። ሥራ አስኪያጇ ስልኳን አውጥታ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ መልሱት!» አለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ አስነጠሰውና ውሃ ተፋ።

ጋሽ መፍቻ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። «ኩርፊያዬ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።»

«እኔኮ የምሮጠው ለሕዝቡ ነው» አለች። «ድሮ የፈነዳ ቧንቧ ለማግኘት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ በካርታው አንድ ሰዓት ይበቃል። አሥራ አንድ ሰው እያባበልኩ ሥራው መቼ ሊያልቅ ነው?»

«ማን አባብይኝ አለሽ?» አሉ፤ አንቺ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። «ካርታሽ ግሩም ነው። እኔ ብሞት ያ ቫልቭ በግራ እንደሚዘጋ ማን ያውቃል? በካርታ መስፈሩ ግድ ነው። ግን የሠላሳ ዓመት ሥራዬ መወሰዱን የሰማሁት ከጥበቃው ነው። አንድ ጠዋት አስቀምጠሽ ‹ሥራው እንዲህ ሊቀየር ነው፤ የምታውቁትን ንገሩኝ› ብትይን ምን ይጎድልሽ ነበር?»

ሰው ማነጋገር ጊዜ ማባከን ይመስላት ነበር፤ ያተረፈችው አንድ ጠዋት ግን በምጥ ላይ ያሉ እናቶችን ያለ ውሃ አስቀርቷል። የጋሽ መፍቻ ልጅ በሰላም መገላገሏን ሳትሰማ ከሆስፒታሉ አልወጣችም።

በማግስቱ ካርታውን ይዛ ግምጃ ቤት ወረደች። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለች። «ካርታው አይቀርም። ያለ እናንተ ግን ጎዶሎ ነው።»

ጋሽ መፍቻ ቀይ እስክሪብቶ አነሱ፤ ሌሎቹም እየተሻሙ ቀጠሉ። እስከ ምሳ ሰዓት አስፋልት የተደፋባቸው ሁለት ቫልቮችና ካርታው ጨርሶ የማያውቀው አንድ መስመር ተገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ቴክኒሻን ከአንድ ነባር ጋር ለሥራ እንዲወጣ ተስማሙ።

በመጨረሻ፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት የሁሉም ታላቅ ተነሥተው ሦስት ቫልቮች በቀይ አመለከቱ። እስክሪብቶውንም መለሱላት።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ግን በማስታወቂያው ማግስት አስገብቻለሁ። ጠረጴዛሽ ላይ ነው፤ አላየሽውም።»

ኮፍያቸውን ደፉና ወጡ፤ በሩንም ድምፅ ሳያሰሙ፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።