ቆራቢዋ ለምን ከውጭ ቀረች

በ1979 ዓ.ም. የኅዳር ማርያም ለት ወይዘሮ ዘርፈሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ደም ያየች ሴት ወደ ውስጥ እንደማትዘልቅ አምቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ታዲያ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ካረጡ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸውን ቆራቢ ከውጭ ምን ያቆማቸዋል? ሰው ይህንኑ እንዳይጠይቃቸው ፈርተው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

የፈሩት አልቀረም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሸዋገነት ወደ ሥራ ስታልፍ አየቻቸው።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ፣ እማማ ዘርፈሽ! ቅዳሴ ገብቶ የለም እንዴ? ምነው ከውጭ?»

«እግሬን ቁርጥማት ይዞኝ ነው።»

«ቁርጥማት የያዘው ሰው ይቀመጣል እንጂ አይቆምም።» ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ደም አዩ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል!» ግራ ቀኙን ቃኙ። «አዎ፣ አራት ሳምንቴ። ጎረቤቴ አመለሸጋማ ዓመት ሊሞላት ነው። ልጅነታችን ተመለሰ ብለን ስንስቅ ነበር።»

«ካረጡ ከዓመታት በኋላ ወር አበባ አይመለስም። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ የማህፀን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ።»

ካንሰር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን ይበልጥ ተከናነቡ። አፋቸው ግን መች ተሸንፎ!

«እሱማ ከሆነ ምን ያሮጠኛል? እቤቴ አርፌ ልሙታ!»

«እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ይሄ በሽታ ብዙ ጊዜ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ በደም ራሱን ያጋልጣል። ያኔ ማህፀኑ በኦፕራሲዮን ከወጣ አብዛኞቹ ሴቶች ድነው ብዙ ዓመት ይኖራሉ። አልፎ ከተሰራጨ ግን፣ አልዋሽዎትም፣ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው።»

«በዚህ ዕድሜዬ በቢላ?»

«ዕድሜ ነገሩን ያከብደው ይሆናል እንጂ አይከለክልም።»

«ስምንት ልጅ የወለድኩበትን አስወጥቼ ምን ልባል ነው?»

«የስምንት ልጆች እናት። እሱን ማን ቀዶ ያወጣዋል?»

ወይዘሮ ዘርፈሽ እንባቸው መጣ። ከሞት ይልቅ ያስፈራቸውን የተናገሩት አሁን ነው፤ «ሐኪሙ ወንድ ቢሆንስ፣ ልጄ?»

«ሊሆን ይችላል። እጅዎን ይዤ አብሬዎት እገባለሁ።»

«እንግዲያው አመለሸጋም ትምጣ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነበር።

በሳምንቱ ሦስቱም አዲስ አበባ ሄዱ። ሁለቱም ጋ የተገኘው ያው ካንሰር ነው። የወይዘሮ ዘርፈሽ ከማህፀን አልወጣም ነበርና በኦፕራሲዮን ተወገደላቸው። የአመለሸጋ ግን እስከ ጉበቷ ደርሶ ኖሯል። ሐኪሞቹ ማስታገሻ ሰጥተው ሸኟት፤ ሰኔን አላለፈችም።

ለቅሶው ላይ አንዷ «ምን አገኛት?» ብትል፣ ሌላዋ «ድንገተኛ ነው አሉ» ብላ አንሾካሾከች። ወይዘሮ ዘርፈሽ ብድግ አሉ።

«ምን ድንገተኛ! ደም ነው! እሷ ዓመት ደበቀችው፣ እኔ አራት ሳምንት። እኔ ቆሜ አለሁ፣ እሷን አፈር አለበስናት። ካረጠች በኋላ አንዲት ጠብታ ያየች ሴት ነገውኑ ትመርመር። ሐፍረት ነው ጓደኛዬን የበላት!»

በድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ይድፉ እንጂ፣ ማን ቸገረው! በማግስቱ አምስት ሴቶች ጤና ጣቢያው በር ላይ ተሰልፈው ተገኙ። አራቱ ቀላል ሕመም ሆኖላቸው ታክመው ተመለሱ። አምስተኛዋ ከጌዶ ለለቅሶ የመጣች፣ ዓይኖቿ ገና በእንባ ያበጡ የአመለሸጋ ታላቅ እህት ነበረች፤ ያው ካንሰር ተገኝቶባት በጊዜ ስለተደረሰላት ዳነች።