በያጁና የበረንዳው ብረት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በያጁ የጸሎት ቤቱን የግቢ በር ለሦስተኛ ጊዜ ነቅሎ መሬት ላይ አጋድሞታል። በሩ ምንም አልሆነም። ሲገፉት ይከፈታል፣ ሲመልሱት ይዘጋል፤ ከበር ደግሞ ከዚህ በላይ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ግን «እንዴት ያለ ትጉህ ሰው ነው!» እያሉ ያመሰግኑታል፤ እሱም ምስጋናውን እንደ መራራ መድኃኒት ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል።

የእህቱ ልጅ ወደ ግቢው የገባችው እሱን ፈልጋ አልነበረም፤ የምታስተምርበት ክፍል ውስጥ ቁልፏን ረስታ ነው። የነገረ መለኮት ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። አጎቷ ግማሹን በኩራት፣ ግማሹን በቀልድ «መምህርት» ይላታል።

«ይህ በር ደግሞ ምን በደለዎት፣ አጎቴ?»

«ላጠናክረው ብዬ ነው፣ መምህርት። ለእግዚአብሔር ቤት ምን ይበዛል?»

«ባለፈው ወር አጠናክረውታል፤ ከዚያ በፊትም እንደዚሁ። እማዬ ደግሞ እንቅልፍ አጥቷል ብላኛለች። ምን ሆነዋል?»

በያጁ የፊት መከላከያውን አወለቀ። ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ ግን ብቻውን ይዞት መዞር ሰልችቶታል።

«በረንዳ ነው» አለ።

ከስድስት ወር በፊት የልብስ ሰፊዋን ቤት የፎቅ በረንዳ ብረት የሠራው እሱ ነው። ብረቱን ከግድግዳው የሚያያይዙትን ሁለት መገጣጠሚያዎች ጫፋቸውን ብቻ ነካ ነካ እንዳደረገ መብራት ጠፋ። ነገ መጥቼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ስቱኮ ለቀለቀበት፣ ቀለም ቀባበትና አስረከበ። በማግስቱ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈረ።

«የልብስ ሰፊዋ እናት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ» አለ። «ያንን ብረት ተደግፈው ነው የሚቆሙት። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«የሠላሳ ዓመት ስሜ በአንድ ቀን ይጥፋ? ስለዚህ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገርኩ። እኔ ቤቱን በነጻ አገለግላለሁ፤ እሱ ደግሞ ብረቱን ይይዝልኛል፣ በደሌንም ይሰርዝልኛል።»

«እሱስ ምን አለ?»

በያጁ በሩን አየ። «እስካሁን አልመለሰልኝም።»

መምህርቷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አጎቴ፣ በደልዎ በዚህ በር አይሰረዝም፤ በመቶ በርም አይሰረዝም። ክርስቶስ በመስቀል ላይ በፈጸመው ሥራ ላይ እርስዎ የሚጨምሩት አንዲት ብሎን እንኳ የለችም። ጽድቅ በእምነት የሚቀበሉት ስጦታ እንጂ ሠርተው የሚደርሱበት አይደለም። ይህን እኮ ስንት ዓመት ሰምተውታል።»

«ሰምቼማ አሜን ብያለሁ። ብቻ ለሌላው ሰው የተባለ ይመስለኛል።» በድንገት ፊቱ በራ። «ቆይ እንጂ! በነጻ ከሆነ ተገላገልኩ። ተሰርዟል ማለት ነዋ! ታዲያ ምን ያስለፈልፈኛል?»

በዚህች ማምለጫ ስንቱ ሾልኳል! ጸጋን የሚወዳት ይቅር እንድትለው ብቻ ነው፤ እጁን ይዛ ልታስነሳው ስትል ግን አላውቅሽም ይላታል። መምህርቷ መንገዱን ዘጋችበት።

«ይቅር የተባለ ሰው ምን ሊሆን ይደበቃል? የሚደበቅ ገና ፍርዱን የሚፈራ ነው። እርስዎ ከፈሩ፣ ይቅርታውን ገና አላመኑትም። ደግሞስ እግዚአብሔር ያለዚህ በርም እግዚአብሔር ነው። እኚያ እናት ግን ያለዚያ ብረት ይወድቃሉ። መልካም ሥራዎን ወደ ሰማይ እየላኩት ነው፤ የሚፈለገው ግን ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው።»

«ስሜስ?»

«ይጎዳል፤ አልዋሽዎትም። ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚያቆምዎት የክርስቶስ ስም ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ያ ከተያዘልዎት ይሄኛው ቢጎድፍ ይችሉታል። ብየዳዎም እኮ ጥሪ ነው፤ የሚቀደሰው እዚህ ግቢ ሲገባ ብቻ አይደለም።»

«ያዘልኩሽ ልጅ ልትገሥጪኝ!» አለ በያጁ። ተቆጥቶ ተነሣ። «ነገ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። «ነይ፣ የብየዳ ማሽኑን አንድ ጫፍ ያዢልኝ።»

ሲደርሱ አሮጊቷ ብረቱን ተደግፈው ቆመዋል። በያጁ ከታች ሆኖ ጮኸ፦ «እማማ! እባክዎ ብረቱን ይልቀቁና ወደ ውስጥ ይግቡ!»

«ፀሐይም ተከለከለ?» እያሉ ገቡ።

ለልብስ ሰፊዋ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ፎቁ ላይ ወጥቶ መገጣጠሚያውን በመዶሻ አንዴ መታው፤ ብረቱ ከግድግዳው ተላቀቀ። ሴትዮዋ አመድ መሰለች።

«አንተ ሰውዬ! እናቴን ልትገድልብኝ ነበር! ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምናገረው!»

«ተናገሪ» አለ። «እኔንም ከጠየቁኝ አልክድም።»

ስቱኮውን ፍቆ ዙሪያውን በየደው። ቀለም ሳይቀባ መዶሻውን ለእሷ ሰጣት። «ምቺው።» ሦስት ጊዜ፣ በንዴቷ ልክ መታችው። አልተነቃነቀም።

ከዚያ ወዲህ በያጁ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሥራውን ባለቤት ጠርቶ መዶሻ ያስይዛል። ሁለት ደንበኞች ሸሽተውታል፣ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩም አሞታል። ግን ማንንም መንገድ ላይ ሲያይ አይሸሽም፣ ይተኛል፣ ሲጸልይም ውል መዋዋል ትቶ ማመስገን ጀምሯል። ነጻ የወጣ ሰው እጁ ለጎረቤቱ ይተርፋል።

የዚያን ዕለት የማሽኑን ገመድ ሲጠቀልል ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ማን ደርሶብዎት ነው የመጡት?»

«ማንም።»

«እና ለምን መጡ?»

«እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል» አለ በያጁ። «አንቺ ይቅር ባትይኝም እንኳ መደበቅ አቃተኝ።»

ሴትዮዋ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችበት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ብላ ተጣራች፦ «እማዬ፣ ነይ ውጪ! ፀሐዩ ገና ነው።»